ያደረ ውሃ

ቨርሊን ሃስኪንስ ልትፈታው የተነሳችው ችግር ሊቆጠር የሚችል ችግር ነበር፤ ስለዚህ ቆጠረችው።

ተወልዳ ያደገችው በሚሲሲፒ ዴልታ፣ ዊልሞር በምትባል በጥጥና በአኩሪ አተር ማሳ በተከበበች ትንሽ ከተማ ነው። እዚያው መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ ታስተምራለች። ሰኞ ሰኞ ክፍሉን አንድ ጥያቄ ትጠይቅና ስንት እጅ እንደወጣ፣ ከወጣውም ስንቱ የሴት ልጅ እንደሆነ በትንሽ ደብተር ትመዘግባለች። ስድስተኛ ክፍል ላይ ከአስሩ እጅ ስድስቱ የሴቶች ነው። ሰባተኛ ላይ ሦስት ይሆናል። ስምንተኛ ላይ፣ የገና በዓል ካለፈ በኋላ፣ ወይ አንድ ወይ ባዶ። አንድ ዓመት ቢሆን አጋጣሚ ነው ይባላል። እሷ ግን አስራ አራት ዓመት መዘገበች፤ አስራ አራቱም ዓመት ያው ነው።

ምክንያቱን ለማግኘት እንደ ማንኛውም ጥያቄ አንድ በአንድ ሄደችበት። በመጀመሪያ “ምናልባት አያውቁ ይሆናል” አለች። ፈተናቸውን ስታይ ግን የሴቶቹ ውጤት ከወንዶቹ ይሻላል። ቀጥላ “ወንዶቹ እየሳቁባቸው ይሆናል” ብላ ለያይታ አስቀመጠቻቸው። ምንም አልተለወጠም። በመጨረሻ ትኩረቷን እጅ ከመውጣቱ በፊት ባለችው ቅጽበት ላይ አደረገች፤ መልሱም ያለው እዚያ ነበር። ልጅቷ እጇን ከጠረጴዛው ትንሽ ከፍ ታደርጋለች፣ ዙሪያዋን ታያለች፣ መልሳ ታወርዳለች። ብትሳሳት ምን እንደሚመጣባት እያሰላች ነው።

የሚመጣባት ደግሞ ቀላል አይደለም። አንዲት ጥቁር ልጅ እዚህ አገር ከቤቷ ስትወጣ “ከሌላው እጥፍ ካልጎበዝሽ እንደ ግማሽም አትቆጠሪም” ተብላ ነው የምትወጣው። ስለዚህ ስሕተቷ የብቻዋ አይደለም፤ እናቷንም፣ አያቷንም፣ ሰፈሯንም ያስነቅፋል። ቨርሊን ይህን በራሷ ታውቀዋለች። አስራ ስድስት ዓመት ሲሆናት ኬሚስትሪ ልማር ብላ ስትመዘገብ፣ የትምህርት ቤቱ አማካሪ ፈገግ ብሎ የጽሕፈት መኪና ክፍል ውስጥ ጻፋት። ለምን ብላ አልጠየቀችም።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ቨርሊን እንዲህ አሰበች፦ አስተማሪው መልሱን የሚያውቀውን ጥያቄ ከጠየቅናቸው መሳሳት አለ። መልሱን ማንም የማያውቀውን ጥያቄ ብንሰጣቸውስ? ያኔ ማን ተሳሳተ ይባላል?

በዚህ ሐሳብ ተደስታ፣ በኒው ቤቴል ቤተክርስቲያን የመመገቢያ አዳራሽ የቅዳሜ ሳይንስ ክበብ ከፈተች። ሰባት ልጆች መጡ። ዓርብ የተጠበሰው ዓሣ ሽታ ግድግዳው ላይ አድሮ ይጠብቃቸዋል።

ከሰባቱ አንዷ ናኬሪያ ነበረች። የአስራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ የምትኖረው ከአያቷ እናት ጋር ነው። ቀጭን፣ ትከሻዋን ሰብስባ የምትሄድ፣ ነገር በቀላሉ የማይዋጥላት ልጅ። ቨርሊን “የፀሐይ ብርሃን ምድር ለመድረስ ስምንት ደቂቃ ይፈጅበታል” ስትል፣ ሌሎቹ ይጽፋሉ፤ ናኬሪያ ግን እርሳሷን አስቀምጣ “ማን ቆሞ ጠበቀው?” ትላለች። ይህን የሰማች አስተማሪ ወይ ትቆጣለች ወይ ትወዳታለች። ቨርሊን ወደደቻት።

ማንም መልሱን የማያውቀው ጥያቄ ሩቅ አልነበረም። የዊልሞር ውሃ አንዳንድ ቀን ቡናማ ሆኖ ይመጣል። ሁሉም ያጉረመርማል፤ በየቤቱ ገብቶ የለካ ግን የለም። የከተማው ምክር ቤት የድሮዎቹን ቧንቧዎች ለማስለወጥ ከክፍለ ግዛቱ እርዳታ የሚጠይቅ ማመልከቻ ጀምሮ ከሁለት ዓመት በላይ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦታል።

እዚህ ላይ ነገሩን ቀስ ብሎ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ የቀረው ሁሉ የሚዞረው በዚህ ላይ ነውና። ከመንገዱ ስር ካለው ትልቅ ቧንቧ ወደ እያንዳንዱ ቤት አንድ ቀጭን ቧንቧ ይገባል። በድሮ ሰፈሮች ይህ ቀጭኑ ቧንቧ የሚሠራው እርሳስ ከሚባለው ለስላሳ ማዕድን ነበር። እርሳስ የልጅን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው፤ አይሸትም፣ ጣዕምም የለውም። ውሃው እየሮጠ ሲያልፍ ከቧንቧው ብዙ አይወስድም። ቆሞ ሲያድር ግን፣ የሻይ ቅጠል በቆየ ቁጥር ውሃውን እንደሚያጠቁረው፣ እርሳሱም ቀስ በቀስ ይገባበታል። ስለዚህ መለካት ያለበት ያደረው ውሃ ነው፦ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ማንም ቧንቧ ሳይነካ፣ ጠዋት ከሁሉ በፊት፣ ጠብታ እንኳ ሳይፈስ የሚቀዳው። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢፈስ ግን ያደረው ሄዶ ከመንገዱ ስር ያለው አዲስ ውሃ ይተካል።

በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ አንድ ዩኒቨርሲቲ አርባ ጠርሙስ ውሃ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ፣ በነጻ ሊመረምርላቸው ተስማማ። ናኬሪያ መመሪያውን ጻፈች፤ ቨርሊን አረመችው። “ማታ ከተኙ ጀምሮ ውሃ አይክፈቱ። ጠዋት ከኩሽናው ቧንቧ፣ ሳያፈሱ፣ ጠርሙሱን ይሙሉ።” ጠርሙሶቹ ላይ ቁጥር ይጻፍ ወይስ ስም ሲባል፣ ቨርሊን “ስም ይሁን፤ ሰዎቹ ደስ ይላቸዋል” አለች። ሰዎቹም ደስ አላቸው።

የናኬሪያ አያት እናት እማማ ኦዜላ ይባላሉ። በቤተክርስቲያኗ “እናት” የሚል የክብር ስም የተሰጣቸው አሮጊት ናቸው፤ እሑድ እሑድ ነጭ ለብሰው የፊተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ሰባኪው ሲያንዛዛ ጉሮሯቸውን ጠርገው የሚያስቆሙት እሳቸው ናቸው። ጠርሙሱን አገላብጠው አዩት።

“ይኼ ዩኒቨርሲቲው ድረስ ነው የሚሄደው?”

“አዎ እማማ” አለች ናኬሪያ።

“ስሜ ተጽፎበት?”

“ስምሽ ተጽፎበት።”

“እንግዲያው ስሜን አስተካክለሽ ጻፊው፤ የዶሮ ጭረት አታስመስዪው።”

ቅዳሜ ማለዳ ልጆቹ በየቤቱ ዞሩ። ሴቶቹ የቤት ካባቸውን እንደደረቡ በረንዳ ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ጠርሙሶቹ ተጠራርገው፣ በንጹህ ፎጣ ተጠቅልለው፣ አንዳንዱም ሪባን ታስሮለት ወጣ። ቨርሊን መኪናዋ ውስጥ ሆና ይህን ስታይ ዓይኗ እንባ ሞላ። ያኔ መደነቅ ብቻ ሳይሆን መጠየቅም ነበረባት።

ውጤቱ ከስድስት ሳምንት በኋላ መጣ። ከአርባው ሠላሳ ሰባቱ ምንም የለባቸውም። ሦስቱ ግን እርሳስ አለባቸው፤ ሁለቱ ከተፈቀደው መጠን አራት እጥፍ፣ አንደኛው ሰባት እጥፍ።

እሑድ ውጤቱ ቤተክርስቲያን ውስጥ ሲነበብ ሕዝቡ አጨበጨበ። ወንድም ሬይንስ ከሁሉ በላይ አጨበጨበ። ወንድም ሬይንስ የቤተክርስቲያኗ ዲያቆን፣ የከተማው ምክር ቤት አባል፣ በሳምንቱ ቀናት ደግሞ ጎማ ቤት ያለው ሰው ነው። በማግስቱ በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ ልጆቹ ውጤቱን የጻፉበትን ሰሌዳ ከፍ አድርጎ “የራሳችን ሴት ልጆች፣ የራሳችንን ውሃ ለክተው ንጹህ ነው አሉን! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?” አለ። የቧንቧው ማመልከቻ ከመሳቢያው ወጥቶ ተሰረዘ፤ ሦስቱ ቤቶች ማጣሪያ ይገዙ ተባለ።

ናኬሪያ ብቻ አላጨበጨበችም።

“ሦስቱ ለምን?” አለች።

“የነሱ ቧንቧ አሮጌ ይሆናላ” አለች ቨርሊን።

“ከሦስቱ አንዱ ሚስተር ቡስተር ከኛ አጠገብ ነው። የኛም ቤት የሱም ቤት በአንድ ዓመት ነው የተሠሩት። ቧንቧውን የዘረጋውም አንድ ሰው ነው፤ እማማ ነግራኛለች።”

ናኬሪያ መልስ ሳታገኝ የምትተኛ ልጅ አልነበረችም። በግንቦት አንድ ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ እየሮጠች ገባች።

“ሚስ ቨርሊን፣ ሦስቱ ቤቶች የሚመሳሰሉበትን አገኘሁት።”

“ምንድን ነው?”

“ሚስት የላቸውም።”

ቨርሊን ከት ብላ ሳቀች። ናኬሪያ አልሳቀችም። ሦስቱም ቤት ብቻውን የሚኖር ወንድ ያለበት ነው፤ ሦስቱንም ሄዳ ጠይቃቸዋለች። ሚስተር ቡስተር ጭንቅላቱን እያከከ “ልጄ፣ ወረቀቱ ሙላው አለ፤ ሞላሁት፤ ተመልሼ ተኛሁ። ሌላ ምን ላድርግለት? ልስመው?” ብሏታል።

“እና ሌሎቹ ምን አደረጉ?” አለች ቨርሊን።

በማግስቱ ከቤተክርስቲያን መልስ ሁለቱም እማማ ኦዜላ በረንዳ ላይ ተቀመጡ። አሮጊቷ በጉልበታቸው ጎድጓዳ ሳህን ይዘው አተር ይፈለፍላሉ።

“እማማ፣ ያን ጠዋት ጠርሙሱን ከመሙላትሽ በፊት ውሃውን ለቀቅሽው?” አለች ናኬሪያ።

“እንዴታ! ቅዝቅዝ እስኪል ለቀቅሁት። ጠርሙሱንም ሦስቴ አለቀለቅሁት።”

“ወረቀቱ እኮ እንዳይፈስ ይላል!”

“ወረቀቱን አንብቤዋለሁ። ወረቀት ሥርዓት አያስተምርም።” አተሩን መፈልፈል አቆሙ። “ስሚኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በሰው ኩሽና ሠርቻለሁ። ሴትየዋ ብርጭቆ ባቀረብኩላት ቁጥር ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ ታየው ነበር። አንድ ቀን እድፍ አላገኘችም። ቧንቧ ሳይኖረን፣ በእጅ በምትገፋው ፓምፕ ዘመን እንኳ እናቴ የመጀመሪያውን ውሃ ለእንግዳ አትሰጥም፤ እሱ ለአበባው ነው። ስሜ ተጽፎበት ዩኒቨርሲቲ ለሚሄድ ጠርሙስ ያደረ ውሃ ልቀዳለት? አሳዳጊ የበደለኝ መሰልኩሽ?”

እዚያ መንደር ሠላሳ ሰባት ቤት ውስጥ ሠላሳ ሰባት እጅ ያን ማለዳ ያደረገው ይህንኑ ነው። ማንም አልተማከረም። ማንም መዋሸት አላሰበም። “ቆሻሾች ናቸው” እየተባሉ የኖሩ ሰዎች፣ ስማቸው ያለበትን ጠርሙስ ንጹህ አድርገው ላኩት፤ ያው ነው። ቨርሊን ቁጥር ጽፋበት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሌላ ነገር ይሆን ነበር።

መኪናው ውስጥ ገብተው ትንሽ እንደሄዱ ናኬሪያ ዞር አለች።

“እርስዎስ ሚስ ቨርሊን? የእርስዎም ቤት ከንጹሖቹ ውስጥ ነው።”

ቨርሊን መኪናውን መንገዱ ዳር አቆመች። ያን ማለዳ ለማስታወስ ሞከረች። ጠርሙሱ በግራ እጇ ነው። ወረቀቱ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል፤ እሷው ያረመችው ወረቀት። ቀኝ እጇ ቧንቧውን ከፈተ፤ ሁለት ጣቷ ውሃው ስር ገብቶ ቅዝቃዜውን ጠበቀ። በየቀኑ እንደሚያደርገው።

“እኔም አፍስሻለሁ” አለች።

ናኬሪያ አፍጥጣ አየቻት። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ እግሯን የመኪናው ወለል ላይ እየመታች ሳቀች።

“እንግዲያው የማንም ጥፋት አይደለማ! አስተማሪዋ እንኳ ካፈሰሰች! የወረቀቱም አይደለም፣ የመመርመሪያው ማሽንም አይደለም፣ ሥርዓት ነው። ውሃውን ሳይሆን ሥርዓታችንን ነው የለካነው! ሚስ ቨርሊን፣ ይኼንን እኮ ማንም አልጻፈውም። እንጻፈው!”

ቨርሊን በአስራ አራት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ፊት አይታ አታውቅም። አንድ ልጅ ስሕተት ውስጥ ገብታ፣ ከስሕተቱ እውነት ይዛ ወጣች። ሳይንስ የሚባለው ሥራ ይኸው ነው፤ ከዚህ የተለየ ምስጢር የለውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቨርሊን የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ይህች ልጅ እንዳትጠፋ። ክበቡ ቢቀር ይቅር፤ ሌሎቹ ቢሄዱ ይሂዱ፤ ይህች አንዷ ግን ትሻገር።

ምክር ቤቱ በሰኔ ስብሰባው አሥር ደቂቃ ፈቀደላቸው። አዳራሹ ሞላ። ሴቶቹ የራሳቸውን ልጅ ሊሰሙ ኮፍያቸውን አድርገው መጥተዋል፤ እማማ ኦዜላ ከፊት ተቀምጠዋል። ናኬሪያ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ ቆመች። ያደረ ውሃና የፈሰሰ ውሃ ምን እንደሚለያቸው በሻይ ምሳሌ አስረዳች፤ ጥሩ አስረዳች። ውጤቱ ልክ ስላልሆነ ማመልከቻው ተመልሶ እንዲገባ ጠየቀች።

ወንድም ሬይንስ መነጽሩን አወለቀ።

“ልጄ፣ በመጋቢት መጥተሽ ንጹህ ነው አልሽን። አሁን ቆሻሻ ነው ትያለሽ። በመስከረም ምን ልትዪን ነው?”

ሰዉ ሳቀ።

“ቆሻሻ ነው አላልኩም ጌታዬ። አልታወቀም ነው ያልኩት።”

“እሺ፣ ማን ነው ያበላሸው?”

ይህ ወጥመድ ነበር። ትልቅ ሰው ቢሆን ያልፈው ነበር። ናኬሪያ ግን ለተጠየቀችው ጥያቄ ትክክለኛውን መልስ የምትሰጥ ልጅ ናት።

“ጠርሙሱን የሞሉት ሰዎች ናቸው ጌታዬ።”

ከኋላ አንዲት ሴት “እም!” አለች፤ እዚያ አገር ይህች አንዲት ድምፅ ሙሉ ወቀሳ ናት።

ወንድም ሬይንስ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዞረ። “እህቶች፣ ይህች ልጅ አንድ መስመር ወረቀት ማንበብ አልቻላችሁም እያለች ነው። እስቲ፣ ውሃውን ያፈሰሰች ካለች እጇን ታውጣ።”

ማንም አላወጣም። ናኬሪያ እማማ ኦዜላን አየች፤ እማማ ኦዜላ የቦርሳቸውን መዝጊያ እያዩ ነበር። ከዚያ ናኬሪያ ቨርሊንን አየች።

ቨርሊን በዚያች ቅጽበት ያሰበችው ብዙ ነው። እጇን ብታወጣ “አስተማሪዋ ራሷ መመሪያዋን አትከተልም” ይባላል። ክበቡ ይዘጋል። አርባ ዓመት አብረዋት የበሉ፣ እናቷን ስትቀብር የደገፏት ሴቶች ዝም ባሉበት እሷ ብቻዋን ብትናገር፣ ውሸታሞች ማለቷ ይሆናል። ይህን ሁሉ ስታሰላ ጊዜው ሄደ። ቨርሊን እጅ መቁጠር የለመደች ሴት ናት፤ ሳታስበው ቆጠረች። ባዶ ነበር። የራሷም ጉልበቷ ላይ ነበር።

“ይመስገን” አለ ወንድም ሬይንስ። “ቀጣዩ አጀንዳ።”

ሲወጡ እማማ ኦዜላ ልጅቷን በሰው ፊት አልተቆጡም። ደረጃው ላይ ብቻ ቀስ ብለው “ቆሻሻ ናት ብለሽ ነው የቆምሽብኝ” አሉ። ናኬሪያ ቨርሊንን ሳታይ ደረጃውን ወረደች።

በማግስቱ ቨርሊን ጎማ ቤት ሄደች።

“ወንድም ሬይንስ፣ እኔ አፍስሻለሁ። ትናንት መናገር ነበረብኝ።”

“እኔም አፍስሻለሁ” አለ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። “እኔም እኮ እናት አሳድጋኛለች። ግን እህት ቨርሊን፣ ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ትናንት ብትናገሪ ኖሮ...” ትከሻውን ነቀነቀና ወደ ጎማው ተመለሰ።

ደብዳቤ ጻፈች። በሐምሌ ስብሰባ ተነበበ፤ ከግማሽ ደቂቃ በታች ወሰደ። ዩኒቨርሲቲውን ጠየቀች፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የተባለው፣ አሉ። ከሁሉ የከበዳት ግን ናኬሪያ ቤት የሄደችው ነው። በረንዳ ላይ ቆማ፣ ያላወጣችውን እጇን በሌላኛው ይዛ፣ ይቅርታ ጠየቀች። ልጅቷ እስከ መጨረሻው በትሕትና ሰማቻት።

“እሺ ሚስ ቨርሊን” አለች።

“ተቆጪኝ እንጂ፣ ናኬሪያ። የፈለግሽውን በዪኝ።”

“አልተቆጣሁም ሚስ ቨርሊን። ደህና ይዋሉ።”

መስከረም ላይ ናኬሪያ ስምንተኛ ክፍል ገባች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ደብተሯ ንጹህ ነው፤ የሚጻፈውን ሁሉ ትጽፋለች። ብርሃን ስምንት ደቂቃ ይፈጅበታል ቢባል ትጽፋለች። ቨርሊን የመጀመሪያው ሰኞ ላይ የመቁጠሪያ ደብተሯን አላወጣችም፤ ከዚያም ወዲህ አላወጣችውም። ለከፍተኛው የሒሳብ ክፍል የሚሞላውን ቅጽ ሰጠቻት፤ ቅጹ ሳይሞላ ተመለሰ። ያን ክፍል ያልወሰደች ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ የሳይንሱ መንገድ ግማሹ ተዘግቶ ይጠብቃታል፤ ናኬሪያም ይህን ታውቃለች። ቅዳሜ ቅዳሜ አክስቷ ፀጉር ቤት ጉንጉን ትሠራለች። እጇ ቀጥ ያለ ነው፣ ይሏታል። የቤተክርስቲያኑ ክበብ ኅዳር ላይ ሁለት ልጅ ቀረው፤ ገና ሲደርስ አዳራሹን መዘምራኑ ተረከቡት።

አሁን የውሃውን ልኬት ቨርሊን ብቻዋን ይዛዋለች። አሠራሩን ከሥሩ ለውጣዋለች፤ ብትጠይቋት በደስታ ታስረዳችኋለች፤ ስለዚህ ጉዳይ ስታወራ ብቻ ነው ድምጿ የሚነሳው። ጠርሙሶቹ ላይ ስም የለም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ቅጽ አትሰጥም፤ የማንንም እጅ አታምንም፤ የራሷንም ጭምር። ዓርብ ከትምህርት መልስ በየቤቱ ትሄድና የኩሽናውን ቧንቧ መክፈቻ በሰማያዊ ፕላስተር ትለጥፈዋለች፤ ሰዎቹ ለማታ የሚጠጡትን ቀድመው ይቀዳሉ። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተመልሳ፣ ፕላስተሩ እንዳልተነካ አይታ፣ ራሷ ትቀዳለች። ቁጥር አንድ የራሷ ቤት ነው። በሌላ ክፍለ ግዛት ያለ አንድ ላቦራቶሪ ሠላሳ ጠርሙስ ከደረሰ እናየዋለን ብሏል፤ “እናየዋለን” ምን ማለት እንደሆነ አልጻፈም። ከጥቅምት እስከ የካቲት አስራ ሁለት አግኝታለች። ሌሎቹ በሩን አይከፍቱም፤ ወይም ከፍተው “እህት ቨርሊን፣ ስለዚያ ውሃ አልጨረስሽም እንዴ?” ይላሉ። ሠላሳ ቢሞላ እንኳ የተሰረዘውን ማመልከቻ የሚያስመልስ ደንብ የለም፤ ይህንንም ጠይቃ አረጋግጣለች።

ቁጥር አስራ ሦስት የእማማ ኦዜላ ቤት ነው። አምስት ዓርብ ተመላልሳለች። አምስቱንም አሮጊቷ በወንፊት በተሠራው የውጪ በር በኩል “ያን ፕላስተር ኩሽናዬ ውስጥ አትለጥፊም” ብለው መልሰዋታል። በስድስተኛው፣ ባለፈው ዓርብ፣ “ጠርሙሱን እዚያ ተይው” አሉና በሩን ዘጉ።

ቅዳሜ ማለዳ ጠርሙሱ የበረንዳው መደገፊያ ላይ ሞልቶ ቆሟል። ክዳኑ ጠብቋል፤ ውጪው ደርቋል፤ ውሃው ጥርት ያለ ነው። ቨርሊን በሩን አንኳኳች። ናኬሪያ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ የፀጉር ቤቱን ማበጠሪያ በኪሷ ይዛ ወጣች።

“ማን ነው የቀዳው?” አለች ቨርሊን።

“አላውቅም ሚስ ቨርሊን።”

“ፈስሷል?”

“ተኝቼ ነበር።”

ቨርሊን ጠርሙሱን ይዛ ቆመች። ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። “እንግዲህ አልታወቀም ብለን ነው የምንጽፈው” አለች፤ ልጅቷ አንድ ቃል ትመልስ እንደሆነ ጠበቀች። የአክስቷ መኪና ከመንገዱ ጡሩምባ ነፋ። ናኬሪያ “ደህና ይዋሉ ሚስ ቨርሊን” ብላ በደረጃው ወረደች።

ቨርሊን ሠንጠረዡ ላይ ከአስራ ሦስት ጎን “አልታወቀም” ብላ ጻፈች። ከቦርሳዋ አዲስ ባዶ ጠርሙስ አውጥታ፣ ቁጥሩን ጽፋ፣ ለሚመጣው ዓርብ መደገፊያው ላይ አቆመችው። ቁጥር አስራ አራት ሁለት ቤት አልፎ ነው። ቤቱ ገና መብራት አላበራም። ትናንት ፕላስተሩን ያስለጠፉት በግድ ነበር፤ ከነቁ ሊልጡት ይችላሉ። መኪናዋን ትታ በእግሯ ፈጠን ፈጠን እያለች ሄደች።